ቆማለች

ይሄን ነገር ሳወራ የሰማኝ ሁሉ «ቀደድክ» ይለኛል። አልፈርድባቸውም። የሰፈሩ ሰው «ቀዳጁ» እያለ የሚጠራኝ በከንቱ አይደለም፤ ከስድስተኛ ክፍል የተባረርኩትም ርእሰ መምህሩ ሞቷል ብዬ ተማሪውን ሁሉ ወደየቤቱ ያሰናበትኩ ቀን ነው። ሰውዬው ከሰዓት በኋላ በእግሩ ሲመጣ ሁለት መምህራን ሮጠው አምልጠዋል። ይሄኛው ግን ከራሱ እስከ ጭራው እውነት ነው። የጨመርኩበት ቃል ከተገኘ ምላሴን ቁረጡት። ደግሞ ሳልጀምር አንድ ነገር እንያዝ፤ ነገሩ የሆነው ከጦርነቱ በፊት ነው። ዛሬ አንድ ሰው ጤና ጣቢያችን በር ላይ መጥቶ አምቡላንስ ቢጠይቅ «እንግዲህ ጦርነቱ ነው፣ ምን ይደረግ» ተብሎ ይሸኛል። ጦርነቱ ብዙ በልቷል፣ አልክድም። ያቺን አምቡላንስ ግን እሱ አልበላትም። እሱ ሲደርስ እኛ በልተን ጨርሰናት ነበር።

እኔ የጤና ጣቢያው ዘበኛ ነኝ። ወረቀቱ የሚለው እንደዚያ ነው። ካርድ ክፍሉ ግድግዳ ላይ በመስታወት የተሰቀለ የሠራተኛ ዝርዝር አለ፤ አሥራ ስምንት የሥራ መደብ። ከአሥራ ስምንቱ በአሥራ አንዱ ትይዩ «ክፍት» የሚል ተጽፏል። አንድ ሽማግሌ መነጽራቸውን አድርገው ካነበቡት በኋላ «ሐኪሙ ክፍት ነው ይላል፤ ታዲያ በየት በኩል ነው የሚገባው?» ብለው ጠይቀውኛል። ከሳቅኩ በኋላ ነው የደነገጥኩት። ሐኪሙ ክፍት ከሆነ ሁለት ዓመት አልፎታል። ስለዚህ እኔ በር እጠብቃለሁ፣ ካርድ አወጣለሁ፣ ቁስል ሲጠረግ የሚወራጨውን እግር እይዛለሁ፣ ስልክ አነሳለሁ። ነርስ የምትባለው አንዲት ሲስተር ብቻ ናት፤ ምሳዋን ቆማ የምትበላ፣ ጫማዋን ስታወልቅ እግሯ ላይ የካልሲው ስፌት ታትሞ የሚቀር። ኃላፊያችን ደግሞ ስልጠና ላይ ነው። ሁልጊዜ ስልጠና ላይ ነው። የዚያን ጊዜው ስልጠና «ያለውን የሰው ኃይል በአግባቡ መጠቀም» የሚል ነበር፤ ማኅተሙን በኪሱ ይዞ ነው የሄደው።

አምቡላንሷ ግቢው ውስጥ ከውሃ ታንከሩ ሥር ናት። ነጭ ናት፣ ታበራለች። ሾፌሯን «ፍሬን የለሽ» ነው የምንለው፤ ድሮ ሲነዳ እግረኛ ግድግዳ ይወጣ ነበር። ካምቢዮዋ ከተሰበረ አራት ወር ሆኖታል። ሦስት ደብዳቤ ተጽፎላት አንዱም አልተመለሰም። ሰውየው ግን ደመወዙ እንዳይቋረጥ በየማለዳው ያጥባታል፣ ጎማዋን ያስነፋል፣ ከዚያ የኋላ በሯን ከፍቶ ቁጭ ይላል። ሚስቱ ባሏ ሥራ ላይ ያለ ይመስላታል። እሱም ይመስለዋል።

በየማለዳው ልክ በሁለት ሰዓት ከቢሮ ስልክ ይደወላል። የሚደውለውን ሰው በመልክ አላውቀውም፤ ከእያንዳንዱ ጥያቄ በፊት ጉሮሮውን ስለሚጠርግ «ጉሮሮ» ነው የምለው። መጀመሪያ የደወለ ቀን «ዶክተሩ ነው?» ሲለኝ፣ መደቡም ክፍት፣ አፌም ክፍት፣ ድምፄን ወፈር አድርጌ «ነኝ» አልኩት። ከዚያ በኋላ መመለሻ የለም። «የአምቡላንስ ቁመና?» ይለኛል። «ቆማለች» እለዋለሁ። «ጥሩ» ብሎ ይጽፋል። እንግዲህ ነገሩ ይሄ ነው። ሾፌርና መካኒክ መኪና ቆመ ካለ ሞተ ማለቱ ነው። በቢሮ ቋንቋ ግን መኪና ቆመ ማለት እንደ ዘብ ተጠንቀቅ ብሎ ይጠብቃል ማለት ነው። እኔ አልዋሸሁትም፣ እሱም አልተሳሳተም፣ ፍሬን የለሽ ደግሞ ከመስኮቱ ውጭ ሆዱን ይዞ ይስቃል። አራት ወር ሙሉ እንዲህ ሳቅን።

አንድ ቀን የግቢያችን ድመት የአምቡላንሷ አልጋ ላይ ወለደች። በማግስቱ ጉሮሮ «ትናንት በአምቡላንስ የተሰጠ አገልግሎት?» ሲለኝ «አራት ወሊድ» አልኩት። ጉሮሮውን ጠርጎ «ሁሉም በሰላም?» አለ። «አንዱ ደከም ብሏል እንጂ ደኅና ናቸው።» «የእናትየው ሁኔታ?» «ወዲያው ተነስታ ሥራዋ ላይ ተሰማርታለች።» ልብ በሉ፣ አራት ወሊድ ብዬው «እናትየው» ነው ያለው፤ እንዴት ብሎ አልጠየቀም። «ጠንካራ እናት» አለኝና ጻፈ። በሁለተኛው ሳምንት «ለላቀ የእናቶች አገልግሎት» የሚል የምስጋና ወረቀት በፖስታ መጣ። ኃላፊያችን ከሁለት ስልጠና መሐል ብቅ ብሎ አየው፤ ማን ወለደ፣ የት ወለደ ሳይል ከሠራተኛው ዝርዝር ጎን ሰቀለው። እኔም እንደ ጥሩ ቀልድ በየቤቱ አወራሁት። ለአክስቴም አወራሁላት። እስኪያስላት ድረስ ሳቀች።

አክስቴ ያሳደገችኝ ናት። ልብስ ሰፊ ናት፤ አንድ ክፍል ቤት አላት፣ መስኮቱ ሥር የስፌት መኪናዋ፣ ከመኪናዋ ኋላ አልጋዋ፣ ከአልጋዋ በላይ ሰው ሳይወስዳቸው የቀሩ ሱሪዎች ተሰቅለዋል። ቤቱ የመኪና ዘይትና የአዲስ ጨርቅ ይሸታል። አስም አለባት፤ የጨርቅ ብናኝ ጠላቷ ነው፣ እንጀራዋም እሱው ነው። ልጇ አብራት ትኖራለች፤ ዳቦ ቤት ሒሳብ ተቀባይ ናት፣ ብዙ አታወራም፣ እኔ ሳወራ ደግሞ ጣሪያ ታያለች። ነገሩ በሆነበት ቀን ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ እንደ ልማዴ በእነሱ በኩል አልፌ ሻይ ጠጣሁ። አክስቴ ክር መርፌ ውስጥ ማስገባት አቅቷት፣ እንቢ ቢላት ለእኔ ሰጠችኝ። «አንተ ቀዳጅ፣ ቢያንስ ዓይንህ አይዋሽም» አለችኝ። ድምፅዋ ሸከር ሸከር ይል ነበር። ሰማሁት። ብርዱ ነው ብዬ ወጣሁ። በሁለት ሰዓት ስልኩ ጮኸ፣ ቆማለች አልኩ።

አራት ሰዓት ሊሆን ሲል ልጇና አንዲት ጎረቤት አክስቴን ግራና ቀኝ ደግፈው በበሩ ገቡ። ከንፈሯ የሰማያዊ ቀለም የነካው ይመስላል፤ ትንፋሿን የምትስበው ከትከሻዋ ነው። ሲስተር የያዘችውን ሕፃን ለእናቱ አቀብላ መጣች። መርፌ ወጋቻት፣ የሚነፋውን መድኃኒት ሰጠቻት፣ ጀርባዋን አዳመጠች። ከዚያ ወደ ኦክስጅኑ ሲሊንደር ሄዳ ቁልፉን አዞረችና ቆጣሪውን አየች፣ እንደገና አዞረችው። ባዶ ነበር። ወደ እኔ ዞራ ቀስ ብላ «ከድልድዩ ማዶ ያለው ሆስፒታል ቶሎ ከደረሰች ደኅና ትሆናለች። እዚህ ከቆየች እኔ ምንም የለኝም» አለችኝ። ሆስፒታሉ በመኪና ሃያ ደቂቃ ነው። ያን ሳምንት ግን ነዳጅ ጠፍቶ የከተማው ታክሲ በሙሉ ማደያው ጋ ተሰልፎ ነበር። የአክስቴ ልጅ በመስኮቱ ወደ ውጭ አየች። አምቡላንሷ ታጥባ፣ ውሃው ገና እየተንጠባጠበ፣ ፀሐይ ላይ ታበራለች።

«ያቻትና፣ ቆማለች አይደል?» አለችኝ።

«ቆማለች» አልኳት። ያ ቃል አፌ ውስጥ እንደዚያ ሲመረኝ የመጀመሪያ ጊዜ ነበር።

ስልኩን አንስቼ ቢሮ ደወልኩ። ሌላ ጣቢያ ያለ ተጠባባቂ አምቡላንስ ማዘዝ የሚችለው ቢሮው ብቻ ነው። ጉሮሮ አነሳው። የአክስቴ ልጅ እጇን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ አጠገቤ ቆማለች፤ የስልኩ ድምፅ ደግሞ ኃይለኛ ነው፣ የሚለውን ሁሉ ትሰማለች።

«ሕመምተኛ አለችን፣ ትንፋሽ አጥሯታል፣ አምቡላንስ ላክልን» አልኩት።

ጉሮሮውን ጠረገ። «የእናንተዋስ?»

«ቆማለች።»

«እንዴ፣ ከቆመች አንሷት።»

«አትነሳም። ቆማለች እኮ ነው የምልህ። ካምቢዮዋ ተሰብሮ አራት ወሯ ነው።»

ወረቀት ሲገለብጥ ተሰማኝ። «እዚህ ዛሬ ጠዋት ቁመናዋ ጥሩ ይላል። ባለፈው ወር ደግሞ አራት ወሊድ አገልግላለች። ይሄን ሪፖርት የሰጠው ዶክተሩ ራሱ ነው። ዶክተሩን አቅርብልኝ።»

«ዶክተር የለም።»

«ጠዋት አናግሬዋለሁ።»

«እኔን ነው ያናገርከው» አልኩት። «ዘበኛው ነኝ።»

የገባው መሰለኝ፤ አሁን ይጮሃል፣ ይሰድበኛል፣ ከዚያ መኪናውን ይልካል ብዬ ጠበቅኩ። ስድቡን በደስታ እቀበለው ነበር። እሱ ግን ጉሮሮውን ጠርጎ «እንግዲያው የሐሰት ሪፖርት ማለት ነው» አለ። «የሐሰት ሪፖርት እስኪጣራ ተጠባባቂ መኪና ማንቀሳቀስ አልችልም። የጣቢያው ኃላፊ የእናንተዋ አገልግሎት እንደማትሰጥ በማኅተም ይጻፍልኝ።»

«ማኅተሙ ስልጠና ላይ ነው።»

«ጠብቁ፣ አለቃዬን ላማክር፣ እደውላለሁ።»

ጠበቅን። ይሄን ነው እስከ ዛሬ የማልረሳው፣ መጠበቃችንን። ሃያ አምስት ደቂቃ ስልክ ላይ አፍጥጠን ተቀመጥን፤ እኔ በተለይ፣ ጉሮሮ እንደ ሰው ይደውላል ብዬ። ኮሪደሩ ላይ ስልሳ የሚሆን ሰው ካርዱን ይዞ ቁጭ ብሏል፣ ሁሉም አክስቴ ስትተነፍስ ይሰማል፣ ማንም አያወራም። አንዲት እናት የልጇን ጆሮ በእጇ ሸፍናለች። ፍሬን የለሽ ወጥቶ አምቡላንሷን ቁልፍ አስገብቶ ሞከራት። ሞተሯ ተነሳ፤ ከታች የሆነ ብረት ተንቋቋና ባለችበት ቀረች። ከሞተሩ ይልቅ ያ ድምፅ ልቤን ሰበረው፤ ሊሄድ የፈለገ ነገር ድምፅ ነበር። እሱ መሪውን በጡጫ መታው፣ አንድ ጊዜ፣ ከዚያ ወርዶ በአጥሩ በኩል የሚያልፈውን ውሃ አመላላሽ ጠራው።

ውሃ አመላላሹ የሚገፋ ጋሪ አለው። ጀሪካኖቹን አወረደ፣ የስምንት ጀሪካን ዋጋ ጠየቀን፣ የአክስቴ ልጅ ሳትከራከር ሰጠችው። አልከፋኝም፤ ከእኛ ሁሉ የሚንቀሳቀስ ነገር የነበረው እሱ ብቻ ነው። ፍራሽና ሦስት ትራስ አነጠፍን፣ አክስቴን ቁጭ አድርገን ጫንናት፤ አስም ያለበት ሰው ተጋድሞ መተንፈስ አይችልም። ልጇ ከኋላ እየተራመደች ጀርባዋን ደግፋ ያዘች። ሲስተር እስከ በሩ ወጣች፤ የሚነፋውን መድኃኒት እጄ ውስጥ አስገብታ በየስንት ደቂቃው እንደምሰጣት ነገረችኝ። አብራን ልትመጣ አንድ እግሯን አስፋልቱ ላይ አደረገች። ከኋላዋ ኮሪደሩን አየች፣ እግሯን መለሰች። ስልሳ ሰው ጥላ የት ትሄዳለች? እሷን የሚተካት «ክፍት» ነው።

ፍሬን የለሽ የጋሪውን እጀታ ያዘ። አራት ወር ሙሉ ያልነዳውን ሁሉ በአንድ ቀን ነዳው፤ ቁልቁለቱን ስንወርድ ተረከዙን መሬት ላይ እየጎተተ ያዘው፣ የጫማው ሶል ተገንጥሎ ቀረ፣ በካልሲ ሮጠ። እኔ ከፊት ከፊት መንገድ አስለቅቃለሁ፣ በየጊዜው ዞሬ መድኃኒቱን አፏ ላይ እነፋለሁ። የገበያውን መንገድ ስናልፍ አክስቴ ዓይኗን ጨፍና የሆነ ነገር አለች። ጎንበስ አልኩላት።

«መጣ?» አለችኝ።

«ምኑ፣ አክስቴ?»

«አምቡላንሱ።»

እንግዲህ እኔ ቀዳጁ ነኝ፤ ከዚህ የሚበልጥ ሥራ ተሰጥቶኝ አያውቅም። «መጣ እንጂ» አልኳት። «እሱ ላይ እኮ ነሽ።»

ትንሽ ተነፈሰች። «አይጮህም?»

ጮህኩ። እጄን አፌ ላይ አድርጌ እንደ ሳይረን ጮህኩ፣ ዊዩ ዊዩ እያልኩ፣ የአርባ አንድ ዓመት ሰውዬ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በከተማው መሐል። ሰው ሳቀ። አንድ የታክሲ ረዳት ከሰልፉ ውስጥ «ባትሪህን ቀይረው፣ ደክሟል» አለኝ። ድልድዩ አፍ ላይ የነዳጁ ሰልፍ መንገዱን ዘግቶታል፤ መኪናዎቹ ተነካክተው ቆመዋል። አንዳንዱ ጋሪው ላይ ያለችውን ሲያይ ወርዶ መኪናውን በትከሻው ገፋ፣ አንዳንዱ መስኮቱን ዘጋ። ሁለት ጊዜ ቆምን። ጋሪውን አንስተን በእግረኛ መንገዱ አሳለፍነው፤ የማላውቃቸው አራት ሰዎች በአራት ጥግ ይዘው። ድልድዩ ላይ አክስቴ ዓይኗን ከፈት አድርጋ «ድምፁ አንተን ይመስላል» አለችኝና ሳቀች፣ አጭር ሳቅ፣ እንደ ድሮዋ። ልጇም ሳቀች መሰለኝ። እኔም መጮኼን ቀጠልኩ።

ሆስፒታሉ የደረስነው ስድስት ሰዓት ከሩብ ላይ ነው። እውነቱን ልናገር፣ እዚያ ያሉት ልጆች ሮጡ። ኦክስጅን ነበራቸው፣ ሰው ነበራቸው። ወጣቷ ሐኪም ሩብ ሰዓት ያህል አክስቴ ደረት ላይ ታግላ ወጣች፤ ጓንቷን አውልቃ በእጇ ጨብጣው ነበር። «ሠላሳ ደቂቃ ቀድማችሁ ብትደርሱ» አለችና ዐረፍተ ነገሩን አልጨረሰችውም። እኔ ጨረስኩት፣ በሆዴ። ሃያ አምስቱ ስልክ ስንጠብቅ ነው።

መዝጋቢው ቅጽ ይዞ መጣ። ስም፣ ዕድሜ፣ ከየት ተላከች፣ በምን መጣች። «በጋሪ» አልኩት። የጣቢያችንን ስም ሲሰማ አንድ ዝርዝር ላይ ጣቱን አንሸራተተ፣ «እናንተ አምቡላንስ አላችሁ» አለኝ። ፍሬን የለሽ በካልሲው አጠገቤ ቆሟል፣ ካልሲው ደም ሆኗል፣ ጋሪው ደግሞ በመስታወቱ በር በኩል ይታያል፣ ትራሶቹ እንዳሉ ናቸው። በጣቴ አሳየሁት። «አየሁት» አለኝ፣ ትሕትና ነበረው፣ ክፉ ሰው አይደለም። «ግን ጋሪ የሚል ሳጥን የለም። በአምቡላንስ፣ በግል መኪና፣ በእግር።» አክስቴ በእግሯ አልመጣችም። «በአምቡላንስ» ላይ ምልክት አደረገ። እጁን ይዤው ነበር፤ ጥበቃዎቹ ናቸው ያስለቀቁኝ። እንግዲህ ዛሬም ድረስ የሆነ ቢሮ ውስጥ፣ የሆነ መዝገብ ላይ፣ አክስቴ የአምቡላንስ አገልግሎት ካገኙት አንዷ ሆና ትቆጠራለች። የጣቢያችን አፈጻጸም በእሷ በአንድ ከፍ ብሏል።

ከዚያ ኮሪደሩ ውስጥ እንጨት አግዳሚ ላይ ከአክስቴ ልጅ ጋር ተቀመጥን። ግድግዳው እስከ ወገቡ አረንጓዴ፣ ከዚያ በላይ ነጭ ነው። እሷ አላለቀሰችም። የእናቷን ነጠላ ጫማ ጭኗ ላይ አድርጋ ከሶሉ ላይ የተጣበቀ ክር ትለቅማለች። ብዙ ቆይታ፣ ሳታየኝ፣ «በየቀኑ ስልኩን የምታነሳው አንተ ነበርክ?» አለች።

«አዎ።»

«አራቱ ወሊድስ?»

«ድመት ናት። ነግሬሻለሁ እኮ፣ ስቃችኋል።»

«እማዬ ናት የሳቀችው» አለች። ከዚያ በመሐላችን ቦርሳዋን አስቀመጠች። ቦርሳው ትንሽ ነው፣ የሻይ ብርጭቆ እንኳ አይይዝም፤ እስከ ዛሬ ግን ከመሐላችን አልተነሳም። በቀብሩ ሰውን ስታመሰግን እኔን ዘለለችኝ። አልተቀየምኳትም። የሚቀየሙትን ሰው እኔ አውቃለሁ።

በሦስተኛው ቀን ሥራ ገባሁ። ልክ በሁለት ሰዓት ስልኩ ጮኸ። ጉሮሮውን ጠረገና፣ ምንም እንዳልተፈጠረ፣ «የአምቡላንስ ቁመና?» አለኝ። ድምፄን አላወፈርኩም። «ዘበኛው ነኝ። ካምቢዮዋ ተሰብሯል፣ አትሠራም፣ አንድ ሰው ሞቶባታል። እንደዚህ ብለህ ጻፍ» አልኩት። ብዕሩን ሲያስቀምጥ የሰማሁ መሰለኝ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ ሰው የሆነ ይመስል፣ «ወንድሜ፣ እዚህ የሚሞላው ሁለት ነው» አለኝ። «ወይ ወጥታለች፣ ወይ ቆማለች። ወጥታለች ልበል?» ስልኩን ዘጋሁበት። ምን ብሎ እንደጻፈ እናንተም ታውቃላችሁ።

ጦርነቱ የመጣው ከሰባት ወር በኋላ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት የቢሮው ሰዎች መጥተው አምቡላንሷን በገመድ ጎትተው ወሰዷት፤ የት እንዳደረሷት አላውቅም። አሁን ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ «አምቡላንሳችን በጦርነቱ ምክንያት አገልግሎት አቋርጣለች» የሚል ተለጥፏል፣ በማኅተም። ማኅተሙ ለዚህ ሲሆን ተገኝቷል። ሰውም ያነባል፣ አንገቱን ይነቀንቃል፣ ጦርነቱን ይረግማል። እኔ በር ላይ ቆሜ ለእያንዳንዱ እናገራለሁ፤ ከጦርነቱ በፊት ነው፣ ሁለት ዓመት ሐኪም ያልነበረን ከጦርነቱ በፊት ነው፣ ኦክስጅኑ ባዶ የሆነው ከጦርነቱ በፊት ነው፣ ማንም አልተኮሰባትም እላቸዋለሁ። «ቀዳጁ ደግሞ ጀመረ» ብለውኝ ያልፋሉ።

አንዲት ነገር ብቻ ፈጥሬያለሁ። ስለ ድመቷም፣ ስለ ምስጋናው ወረቀትም፣ ስለ ሳጥኑም ሄዳችሁ ማጣራት ትችላላችሁ። አክስቴ ግን ድልድዩ ላይ ዓይኗን አልገለጠችም፣ ድምፁ አንተን ይመስላልም አላለችኝም፣ አልሳቀችምም። «አይጮህም?» ካለችኝ በኋላ አንድም ቃል አልተናገረችም። እኔ እስከ ሆስፒታሉ በር ድረስ ጮህኩ። ሰምታኝ እንደሆነ አላውቅም።